ባንዲራ የተሸከመው ጅራት

ባለፈው ሳምንት ለቀብር አሰላ ሄጄ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ የድሮው የቀበሌያችን ካድሬ መጥቶ ከጎኔ ዱብ አለ። ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ "ጋሼ" ይባላል። ንፍሮውን እያላመጠ፣ "ያ የወንድምሽ አውሮፕላን! ስፌትሽ ላልቶ ነበር እኮ" ብሎ ሳቀብኝ። ለቅሶ ቤት ሰው አይሰደብምና ዋጥኩት። እዚህ ግን አልውጠውም!

ጊዜው ደርግ ነው። ለታላቅ ወንድሜ ለፍቃዱ፣ የእርሻ ባለሙያ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የመጫወቻ አውሮፕላን ትንሽ ሞተርና የራዲዮ መቆጣጠሪያ ሰጠው። የአውሮፕላኗን አካል ከቀርከሃና ከስስ ኮምፔንሳቶ አብረን ሠራን፤ ከፍና ዝቅ የሚለውን የጅራቷን ማጠፊያ በክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጭቃው ከቤት አላስወጣ ሲለን ጭኮ እየቆረስን ክረምቱን በዚሁ ገፋነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ሞከርናት። ፍጥነት ስትጨምር ያ የሚታጠፈው ጅራት ድርርር እያለ ይርገበገባል። "እንዲህ ከቀጠለ ይገነጠላል" አለ ፍቃዱ። ለካ ከማጠፊያው ወደ ኋላ ያለው ክብደት ነው ጥፋቱ። ከጎሚስታው ቁራጭ የእርሳስ ብረት ለምነን ከማጠፊያው ፊት አሰርን፣ ክፍተቱን በፕላስተር ሸፈንን፣ ጅራቱን የሚገፋውን ሽቦ በወፍራም ቀየርን። ከዚያማ ከጭላሎ የሚወርደውን ነፋስ እየሰነጠቀች፣ ቅንጣት ሳትንቀጠቀጥ በረረች። እልልታዬን አቀለጥኩት።

ካድሬው ሰማና "ለአብዮት በዓል ትብረር" አለ። ፍቃዱ የአውሮፕላን ጥገና ለመማር አመልክቶ የቀበሌውን ድጋፍ ይጠብቅ ስለነበር ደስታውን አልቻለውም። በበዓሉ ዕለት ካድሬው ክንድ የሚያህል ቀይ ባንዲራ ይዞ መጣና ከዚያው ከሚታጠፈው ጅራት ጫፍ ላይ እሰሩ አለን።

"ጓድ፣ እዚያ ላይ ከታሰረ ይርገበገባል" አለ ፍቃዱ።

"ታዲያስ! ባንዲራ ካልተርገበገበ ምኑን ባንዲራ ሆነ?"

"ባንዲራው አይደለም፣ ጅራቱን ነው ያልኩት። መርገብገብ የለበትም።"

"የአብዮቱ ባንዲራ አይርገብገብ ነው የምትለው?"

ያውም ሕዝብ ፊት! አሰርን። ተነሳች፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ወዲያው ያ የተረገመ ድርርርታ መጣ። ጅራቷ ተገንጥሎ ከነባንዲራው ገብስ ማሳ ውስጥ ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ። የተሰበረው እንጨቱ ነው፤ ከስፌቴ አንዲት ክር አልተበጠሰችም።

"አሻጥር ነው!" አለ ካድሬው። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብቻዋን ሰው ታሳስር ነበር፤ ፍቃዱንም አሳሰረችው። ሲፈታ ድጋፉም ትምህርቱም የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሄኛው ግን አልረሳም እኮ! አስታውሶ ነው የሚስቅብን፤ ጥፋቱንም በእኔ መርፌ ላይ የሚያላክከው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ፍቃዱ ዛሬ ዲክሲስ ከተማ ወፍጮ እየጠገነ ይኖራል። አውሮፕላን ሲያልፍ ልጆቹ ለማየት ግቢ ይወጣሉ። እሱ ግን ቀና አይልም። "ድምፁ ይበቃኛል" ይላል።