ንጹህ ነው ያልኩት ነጭ ጋዝ

ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ ሴትዮ ትሁት ነበረች። «የነዳጅ ማጣሪያውን ድርጅት አመሠራረትና ዕድገት የሚተርክ መጽሔት ልናወጣ ነው፤ ከቀድሞ ሠራተኞች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ እርስዎን በስንት ፍለጋ አገኘንዎ» አለችኝ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ገና አልሞቱም ማለቷ ነው። ስድስት ገጽ ያህል እንድጽፍ ጠየቀችኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ እዚህ መብራት ይጠፋል፣ ሙቀቱ ሰው አያስቀምጥም ብዬ ተነጫነጭኩባት። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ደብተር ፍለጋ ተነሣሁ። ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምኖረው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ነው። ወቅቱ ክረምት ስለነበረ ቆርቆሮው ሥር፣ በረንዳዬ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የኮራሁበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ።

የጻፍኩት ይህን ነው። ማጣሪያው የተተከለው በቀይ ባሕር ዳር፣ ወደቡ የኛ በነበረ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም የሚያውቁት ፈረንጆቹ ነበሩ፤ የኛ ሰው ቫልቭ ያዞራል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ በሙቀቱ ይጠበሳል። ከዚያ ለትምህርት የተላኩት ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፣ ፈረንጆቹም አንድ ሁለት እያሉ ሻንጣቸውን ያዙ። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ላቦራቶሪ ስቀጠር የምድጃው ሰው፣ የማማው ሰው፣ የፈረቃው አለቃ፣ ሁሉም የኛው ነበሩ። መርከብ ያመጣው ድፍድፍ ነዳጅ ምድጃ ገብቶ ይግላል፣ ተን ሆኖ ማማው ላይ ይወጣል፣ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙ፣ ናፍታው በየደረጃው ይለያል፤ አተላው ሬንጅ ሆኖ ለመንገድ ይሄዳል። አዳዲስ ታንኮች ተጨመሩ፣ የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ፣ ክበብ ተከፈተ። ዕድገት ከተባለ ያ ነው ዕድገት።

የኔ ሥራ ነጭ ጋዝ መፈተሽ ነበር። በትንሽ ኩባያ ይደረግና ቀስ ተብሎ ይሞቃል፤ በላዩ ላይ ትንሽ ነበልባል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ተኑ እሳቱን የሚቀበለው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሆነ ይጻፋል። ቶሎ ከተቀበለ ቤንዚን ገብቶበታል፣ በእናቶች ኩሽና ውስጥ ሰው ይፈጃል ማለት ነው፤ ያ ታንክ አይከፈትም። አንጋፋዎቹ ኬሚስቶች መሣሪያውን ከመጠበቃቸው በፊት ጠርሙሱን አሽትተው ይገምቱ ነበር። እኔም ተማርኩና በለጥኳቸው። ጠብታ ቤንዚን ብትገባ አፍንጫዬ አታልፋትም ነበር።

ከዚያ አገር ሁለት ሆነ። ፍራሻችንን ጠቅልለን ወደ ደጋ ወጣን። ማጣሪያው ለጥቂት ዓመታት ለሁለቱም ሲያጣራ ቆየና ቆመ። የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዬ ማኅተሙ እንዳማረበት እስከ ዛሬ አለ፤ በዕድገቱ ወንበር ላይ ግን አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። መጽሔቱ ላይ ይህን አልጻፍኩም፤ ለማን አቤት ይባላል?

ወደ ጋምቤላ ያመጡኝ ነዳጅ ፈላጊዎች ናቸው። የአፈርና የድንጋይ ናሙና ሳጥን ጠባቂ አድርገው ቀጠሩኝ። ነዳጁ ይወጣል፣ ማጣሪያውም እዚሁ ባሮ ዳር ይተከላል ተባለ። መሃል ከተማ ያሉት ነጋዴዎች ሆቴል ለመሥራት መሠረት አስቆፈሩ፣ እኔም ላቦራቶሪው የሚቆምበትን ቦታ በልቤ መርጬ ነበር። ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ። እነሱ ጭነው ሄዱ፤ እኔ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ አግብቼ ስለነበር ቀረሁ። ማደያ ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ ቤንዚን ስቀዳ ኖርኩ። እሷም አሁን የለችም።

ያቺ አፍንጫ ግን ክብሬ ሆና ቀረች። እዚህ ማደያው በደረቀ ቁጥር ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ነው የሚገዛው። የባጃጅ ልጆች ከመቅዳታቸው በፊት ጠርሙሱን ይዘው ወደኔ ይመጣሉ። «ላቦራቶሪው አለ?» ይሉኛል ከአጥሩ ውጭ ሆነው። እኔም አሸትትና «ይሄ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል፣ መልስለት» ወይም «ንጹህ ነው» እላለሁ። ንጹህ ነው ካልኩ ማንም ደግሞ አይጠይቅም።

በኮሮና ጊዜ ታምሜ ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ አንድ ቀን ሽንኩርት ጥጄ ረሳሁት፤ ማረሩን ያወቅኩት ጭሱን በዓይኔ አይቼ ነው። አፍንጫዬ ሞቷል። ይመለሳል ብዬ ወር ጠበቅኩ፣ ዓመት ጠበቅኩ፣ አልተመለሰም። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ልበል? ላቦራቶሪው ተዘጋ ልበል? ለባጃጆቹ ሌላ ዘዴ ነበረኝ፤ ጠርሙሱን ለወጉ ያህል አሸትትና ጣቴን እነክራለሁ። ቤንዚን ቶሎ ይደርቃል፣ ጣት ያቀዘቅዛል፤ ነጭ ጋዝ ካለበት ቅባቱ ይቀራል። ስለዚህ አልተነቃብኝም። ነጭ ጋዝ ውስጥ የገባ ጥቂት ቤንዚን ግን በጣት አይታወቅም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ አኝዋክ ናት። ባሏ ሞቶባት ቦንቦሊኖና ዓሣ እየጠበሰች ሁለት ሴት ልጆች ታስተምራለች። አማርኛዋ አንቱታ የለበትም፤ «ጋሼ፣ አንተ በልተሃል?» ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ሳህን ታቀብለኛለች። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ጤናዬን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ጽሑፉን ከጻፍኩባቸው ሦስት ቀናት ባንዱ ጠዋት፣ አንድ የክልል ቢሮ ስብሰባ ስለነበረው ቦንቦሊኖ አዝዟት ነበር። ከሰሏ በዝናብ ርሷል። ስለዚህ በነጭ ጋዝ ምድጃዋ ልትጠብስ አስባ፣ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚሸጥ ሰው አንድ ሃይላንድ ገዝታ ወደኔ መጣች።

እኔ ደብተሬ ላይ ነበርኩ። የትኛው ገጽ ላይ መሰላችሁ? ስለ ላቦራቶሪው የምጽፍበት፣ ጠብታ አታልፈኝም ያልኩበት ገጽ ላይ! ወይ ነዶ።

«ጋሼ፣ ይሄን እይልኝ። እኔ እንጃ ይሄ ነገር...» ስትል አቋረጥኳት።

«ቆይ፣ አምጪው እስቲ» ብዬ ክዳኑን ከፈትኩና እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ውኃ ቢሆን፣ ኮምጣጤ ቢሆን ለኔ አንድ ነው። በቆርቆሮ ኩባያ አድርጌ ውጭ ላይ ብፈትሸው አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ይዘንባል፣ እሷ ትቸኩላለች፣ እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ገጽ ላይ፣ አፍንጫ የለኝም የሚል ቃል ከአፌ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

«ንጹህ ነው» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ!

«እግዜር ይስጥህ ጋሼ» ብላ ሄደች። እኔም ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ቡፍ ብሎ ነው። ጩኸቷን ስሰማ ወንበሩን ገልብጬ ሮጥኩ። ሰው ቀድሞኝ ደርሶ ምድጃው ላይ አሸዋ ያፈሳል፤ እሷ በርጥብ አንሶላ ተጠቅልላለች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ይዛቸው ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሹፌሩ ከደንበኞቼ አንዱ ነው። መንገዱን ሙሉ የሚሸጠውን ሰውዬ ሲራገም እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ሁለቱም እጇና የፊቷ ግማሽ ተቃጥሏል። ትድናለች አሉን፤ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው ሊጥ አይዙም አሉ። በየቀኑ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። በማንኪያ አጠጣኋት፤ እሷ በዚያ ሁኔታዋ ታመሰግነኛለች። ሰው ሁሉ ጋዙ ነው ሲላት እሷ አይደለም ትላለች።

«ጋዙ ንጹህ ነበር። ጋሼ አሽትቶታል። ምድጃው አሮጌ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት ነርሷን። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ነርሷ ጻፈችው።

ምድጃው ነው ስለተባለ ሻጩን የጠየቀው የለም። ከሆስፒታል ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ በኢታንግ መንገድ በኩል አለፈ፤ ሰውዬው በቤንዚን ጀሪካኑ ነጭ ጋዝ እየቀዳ ለአንዲት እናት ይሸጣል። ሃይላንዷን ከደጇ አንሥቼ ቤቴ ገባሁ፤ የተረፈውን በቆርቆሮ ኩባያ አደረግኩና ክብሪት አቃረብኩ። ማሞቅም አላስፈለገው፤ ገና ክብሪቱ ሳይነካው ብድግ ብሎ ነደደ። ተማሪ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ናሙና አሳልፌ አላውቅም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ተናገርኩ፤ ሰውዬውን ጠሩት፣ ጀሪካኖቹን ያዙበት። ፖሊስ ይቀላል። ለሷ መንገር ነበር ያቃተኝ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በር ላይ፣ እጆቿ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ጭኗ ላይ አርፈው ስትቀመጥ ነው ሄጄ አጠገቧ ዱካ የሳብኩት።

«እህቴ፣ ምድጃው አይደለም። ጋዙ ነው፤ ቤንዚን ነበረበት» አልኳት።

«አንተ አሽትተኸዋል እኮ።»

«አፍንጫዬ አይሠራም። ከኮሮና ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

ትሰድበኛለች፣ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ በስንት ጣዕሙ። ልጆቿ ከውስጥ ሆነው እየሰሙ ነበር።

«ለምን አሸተትክ ታዲያ?» አለችኝ።

«አፍሬ ነው» አልኳት።

ፋሻዎቿን እያየች ቁጣ በሌለው ድምፅ ነገረችኝ።

«እኔን ሸትቶኝ ነበር ጋሼ። ቤንዚን ቤንዚን አለኝ፣ ለዚህ ነው አንተ ጋ ያመጣሁት። አንተ ንጹህ ነው ስትል የኔ አፍንጫ ተሳስቷል አልኩ።»