የሠርግ መኪና በድንች መንገድ

በደርግ ጊዜ አራት የጭነት በቅሎዎቼን ሸጬ አንዲት ያገለገለች የቤንዚን ፒክአፕ ገዛሁ። ከሸነን ድንች እየገዛሁ አምቦ የምሸጥ ሰው ነበርኩ። ከበቅሎ ኋላ መራመድ አንገፍግፎኝ፣ ቶሎ ደርሼ ቶሎ መመለስ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

መኪናዋን የፈተንኳት የመቀመጫ በቅሎ በሚፈተንበት ደንብ ነው፤ ባዶዋን አስጋልቤ። ሹፌር አድርጌ የያዝኳቸው ሽማግሌ ከአምቦ ወደ ጉደር በአስፋልቱ ለቀቋት። በረረች!

«እንዴት ናት ጋሼ?»

«ለሠርግ ጥሩ ናት።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ኦቦ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ እንደ አቶ ያለ ነው፤ እንዲህ የሚሉኝ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነው። «ይቺ ሞተር ጉልበት የምታገኘው ስትጮህ ነው። ጭነትና ዳገት የሚፈልገው ከታች፣ በቀስታ የሚገፋ ጉልበት ነው። በናፍጣ የምትሠራ ፈልግ።»

የናፍጣ መኪናም አይቼ ነበር። እስክትነሳ ድረስ ሻጩ አንድ ሲጋራ አጭሶ ጨረሰ። እኔ ያን ሁሉ ትዕግስት ከየት ላምጣ? ሽማግሌው ፍጥነት ፈርተው ነው አልኩና ቤንዚኗን ገዛሁ።

አርብ ዕለት ስምንት ጆንያ ድንች ጭነን ከሸነን ወጣን። ለቅዳሜ ገበያ ካልደረስኩ ደንበኞቼ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳሉ፤ ዝናብ ከቀደመኝ ደግሞ ድንቹ በጆንያው ውስጥ ይበሰብሳል። በመንገዱ ላይ ካለው ትልቅ ዳገት ወገብ ላይ መኪናዋ ቆመች። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጧት ጎማው ጭቃ ላይ ይሽከረከራል፤ ሲቀንሱላት ሞተሩ ይጠፋል። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ። እኔ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ እወትፋለሁ፣ ደመናውን አያለሁ፣ ተመልሼ ገብቼ እንደገና እወርዳለሁ።

«ልግፋ ጋሼ?»

«ግፋ። አንተ ይሞቅሃል እንጂ እሷስ አትሰማህም።»

በዚህ መሀል ከታች አንድ ገበሬ አራት ባዶ በቅሎ እየነዳ መጣ። ሰውየውንም በቅሎዎቹንም አወቅኳቸው፤ የሸጥኩለት እኔ ነኝ።

«አሻማ!» ብሎ ሰላም አለኝና መኪናዋን ዞሮ አያት። «ይሄን ዳገት በምን ትወጣው እንደነበር ረሳኸው እንዴ?»

ዕድሜዬን በበቅሎ ስነግድ ለመቀመጫ የሚሆን ሰጋር በቅሎ ላይ ጆንያ ጭኜ አላውቅም። መኪና ስገዛ ግን ሰጋሯን ገዝቼ ጭነት ጫንኩባት። በቅሎዎቹ በሁለት ምልልስ ድንቹን አወጡት። መኪናዋ ባዶዋን እየዘለለች ቀድማን ወጥታ ላይ ጠበቀችን።

ለገበያው ደረስኩ። ያቺን መኪና ግን ከአስፋልት ለማይወርድ ሰው ሸጥኳት።

ናፍጣዋን ስገዛ ድንች ጭኜ ወስጄ እዚያው ዳገት ወገብ ላይ አስቆምኳት።

«ሰው መኪና ሲገዛ ያስሮጣል፤ አንተ ታቆማለህ?» አለ ሻጩ።

ሽማግሌው ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቁ። ሞተሯ ሳትጮህ አጉረመረመችና ዳገቱን ተያያዘችው፤ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም አትፈጥንም። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ፍጥነት የምጨምር ይመስል ቀኝ እግሬን ወለሉ ላይ እጫናለሁ።

«ኦቦ» አሉኝ ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «እዚያ በኩል ነዳጅ መስጫ የለም።»