ከፍ ያለው ኮርቻ

ሽማግሌው በየሁለት ወሩ ቀጭን ጎማ ያለውን የውድድር ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ይመጣሉ። ሸሚዛቸው ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ የሱሪያቸውን ጫፍ ሰንሰለቱ እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል፤ ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ።

«ይኸው፣ ኮርቻው ደግሞ ከፍ አለ» ይላሉ፣ ገና ሰላም ሳይሉ። «ምነው፣ እጅህ ሰነፈ እንዴ? ብሎኑን ጥብቅ አድርገው እንጂ!»

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ኮርቻውን ያያል። ብሎኑ የላላ ኮርቻ ቁልቁል ይሰምጣል እንጂ ሽቅብ እንደማይወጣ ያውቃል፤ ባለፈው የኮርቻው ዘንግ ላይ በመፍቻው ጫፍ የጫረው ምልክትም ካለበት ንቅንቅ አላለም። ግን ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ወጥተው ተረከዛቸውን ታችኛው ፔዳል ላይ ሊያሳርፉ ሲሞክሩ፣ ጉልበታቸው አልዘረጋ ይላቸዋል፤ እግራቸው አይደርስም። ስለዚህ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያደርግላቸዋል።

ዛሬ ግን ዘንጉ እስከ መጨረሻው ስለገባ ኮርቻው ከዚያ በታች አልወርድ አለ። ተረከዛቸው አሁንም አየር ላይ ነው።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ።

«ብሎኑ ነው፣ አይደል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ብሎኑ ነው፣ አባባ» አለ ጠጋኙ። ከዚያም መፍቻውን አንስቶ፣ ጨርሶ ላልቶ የማያውቀውን ብሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመረ።