ዳቦ ቤቱ ወደነበረበት፣ ከአያት እስከ ፒያሳ

ማክሰኞ ጠዋት ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነሥቼ ወደ ፒያሳ የሄድኩት አንድ መስመር ጽሑፍ ለማስጻፍ ነው። ለአንድ መስመር ይህን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደሽ የሚለኝ አይጠፋም። ቤት መቀመጥ ካቃተኝ ሰንብቷል። ሻይ እጥዳለሁ፣ ሳይፈላ አወርደዋለሁ። የባለቤቴ የተክሉ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ይህቺ ነገር ሳታልቅ ዝክሩ ላይ ሰው ፊት መቀመጥ አልፈለግሁም።

ተክሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ በስልኩ ካርታ መሥራት ጀመረ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች መንገዱን፣ ወንዙን፣ ሱቁን እየዞሩ የሚያስገቡበት ክፍት ካርታ አለ። ማንም በነጻ ይጠቀምበታል፤ ትልቅ ድርጅትም ቢሆን ሊነግድበት ይችላል። የሚጠየቀው ነገር ቢኖር ካርታው ከእነዚያ ሰዎች መገኘቱን ሰው በሚያየው ቦታ እንዲጽፍ ብቻ ነው። ተክሉ የድሮ ሰፈራችንን፣ የፒያሳን ጓዳ ጎድጓዳ፣ ሳይሰለች እየዞረ አስገባ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ቤቲ በስልኳ ታክሲ ስትጠራ አጠገቧ ነበርኩ። በታክሲ ድርጅቱ ካርታ ላይ «ዳቦ ቤቱ የነበረበት» የሚል ስም አየሁ። ይህን ስም እዚያ ያኖረው ተክሉ ነው። የካርታውን ጥጋጥግ ሁሉ ፈለግሁ፤ ከድርጅቱ ዓርማ በቀር ምንም የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እስከ አራዳ ጊዮርጊስ

እስከ መገናኛ በባቡር ቆሜ ሄድኩ። ከዚያ የፒያሳ ሚኒባስ ሰልፍ ይዤ፣ ወረፋዬ ሲደርስ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ቀበና ስንደርስ ሳላስበው «ወራጅ አለ» አልኩ። መኪናው ቆመ፤ «አይ፣ አይደለም» አልኩ። አራት ኪሎ ላይም ደገምኩት። ረዳቱ አንገቱን አዙሮ አየኝና፣ «እናቴ፣ እግርዎ ቀድሞ ወርዷል፤ የቀረውን እኛ እናደርሳለን» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ጊዮርጊስ ወርጄ ከውጭ ተሳለምኩና ወደ ድሮው መንደራችን አቀናሁ። መንደሩ የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የሣር መደብና አግዳሚ ወንበሮች ተተክተውበታል። ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ቢሆንም እግሬ የድሮውን መታጠፊያ ይፈልጋል። ስልኬ ላይ ካርታውን ከፈትኩ። እኔን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ በተክሉ ቀጭን መንገድ ላይ እየሄደች ነው። እኔ ሣር ላይ ቆሜያለሁ፣ እሷ ግን በግራና በቀኟ ቤቶች አሏት። አትክልተኛው «እናት፣ ሣሩን» ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ ቆየሁ።

ከመናፈሻው ማዶ ጋሽ ኑርሁሴን አዲስ ሱቅ ተከራይተዋል። የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የድሮ ጎረቤታችን። ሲያዩኝ ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ተነሡ።

«አላህ ያጽናሽ፣ የኔ እህት። ጥቁር ልብሱ አከሳሽ» አሉኝ።

አጠገባቸው ካለው ካፌ ማኪያቶ ጋበዙኝ። መቀመጥ ስላልቻልኩ ባንኮኒው ጋ ቆመን ጠጣን፤ ለሁለቱ መቶ ሃያ ብር ከፈሉ፤ የድሮውን ዋጋ አንሥተውም ትንሽ ተከዙ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። ያን ጊዜ ተክሉ ስልኩን ይዞ በራፋቸው ላይ ሲቆም ግብር ሰብሳቢ የላከው መስሏቸው ነበር። ጎረቤትም ቢሆን ማን እንደቀጠረው ምን ይታወቃል አሉ። የድሮውን ሱቃቸውን ስም ሲጠይቃቸው፣ ስም የለውም፣ ዳቦ ቤቱ የነበረበት በለው ብለው ሸኙት። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ሰፈርተኛው ግን መንገድ የሚያመለክተው በእሱ ነበርና ተክሉ እንዳለ ጻፈው።

«አሁን ጣጣው ለእኔ ተረፈ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ዕቃ የሚያመጣልኝ ሞተረኛ ሁሉ ሣሩ መሃል ቆሞ ይደውልልኛል።» ስሰናበታቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምስክር ካስፈለገሽ ጥሪኝ። ግብሯን ብቻ እንዳታነሺ» አሉኝ።

ቴዎድሮስ አደባባይ

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። የድርጅቱ ቢሮ አደባባዩ አጠገብ፣ መስታወት በለበሰ ፎቅ ላይ ነው። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ፤ የተክሉን ጉርድ ፎቶ አንሥቶ አየና ቀስ ብሎ መለሰው። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ የካርታ ክፍሉ ኃላፊ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው።

«እማማ፣ ካርታው እኮ ነጻ ነው» አለኝ።

«ነጻ መሆኑንማ አውቃለሁ። ሰጪው ግን ሰው ነው» አልኩት።

የራሳቸው ባለሙያዎች ብዙ እንደጨመሩበት አስረዳኝ። እኔም «ዳቦ ቤቱ የነበረበት» የሚለውን ከፍቼ፣ ይህን ከባለሙያዎቻችሁ ማን እንዳስገባው ጠይቅልኝ አልኩት። ጋሽ ኑርሁሴን ስም እንዴት እንደደበቁ ነገርኩት፤ የግብሩን ነገር ዘለልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ስልክ ለመደወል ወጣ። በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ስል ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ወንበር አቀረበችልኝ።

ሲመለስ ፊቱ በርቷል። መስመሩን ካርታው ላይ መጻፍ ከበላይ ጋር ክርክር እንዳለበት፣ ገጹን ያጣብባል የሚሉ እንዳሉ ነገረኝ። በዚያ ፈንታ ግን ዛሬውኑ በድርጅቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የተክሉን ፎቶ ከነስሙና ከምስጋና ጋር ማውጣት ይችላሉ። ስንት ሰው እንደሚያየውም ነገረኝ።

ፎቶውን አወጣሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ከቤት ስወጣ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። የተክሉ ስም፣ በትልቁ። ልጁ እጁን ዘረጋ።

ያኔ ከበሮው ትዝ አለኝ። የተክሉ የጽዋ ማኅበር ለደብሩ ከበሮ አዋጥቶ ሰጠ፤ አስተዋዋቂው ግን የተክሉን ስም ብቻ ጠራ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ተክሉ ዐውደ ምሕረቱ ድረስ ሄዶ፣ «ማኅበርተኞቹ በሉ» ብሎ አሳረመ። እቤት ስንገባ እኔ ስሙ በመጠራቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እራት አልበላም። ካርታውን ሲሠራም እሱ አንድ መንገድ ቢያስገባ፣ ወንዙን ደሴ ያለ ሰው፣ ድልድዩን ባሕር ማዶ ያለች ሴት አስገብተውት እንደሚያገኘው እየደነቀው ይነግረኝ ነበር።

ፎቶውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

«የሱን ስም ተዉት» አልኩ። «መስመሩን ጻፉ።»

«መስመሩ ላይ እኮ ስማቸው አይኖርም፣ እማማ።»

«የሠሩት ሁሉ ሲጠሩ እሱም ይጠራል።»

ልጁ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ክርክሩን እሱ እንደሚይዘው ነገረኝና እስከ ታች ድረስ ሸኘኝ።

መልስ

ወደ አያት የተመለስኩት ደክሜ ነው፤ ደክሜም አልተቀመጥኩም። በየቀኑ ቤቲን ክፈቺው እላታለሁ፤ በየቀኑ ጥጉ ባዶ ነው። ፎቶውን አለመስጠቴ የቆጨኝ ጊዜም ነበር።

የዝክሩ ዋዜማ ጌሾው እየሸተተ ቤቲ ስልኳን ይዛ ማድቤት ገባች። ከካርታው ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «የካርታ መረጃ፦ ከክፍት ካርታ አስተዋጽኦ አድራጊዎች።» ፊደሉ ስላነሰኝ በተክሉ መነጽር አነበብኩት።

ከዚያ ለጋሽ ኑርሁሴን ደወልኩ። ሞተረኞቹ አሁንም ሣሩ ላይ እየቆሙ ነው። አዲሱን ሱቅ ካርታው ውስጥ ላስገባው፣ ማን ልበል አልኳቸው።

«ኑር ጨርቃ ጨርቅ በይው» አሉ። «የመጣው ይምጣ።»

በተክሉ ስልክ፣ ቤቲ እያሳየችኝ፣ ሱቁን ከመናፈሻው ማዶ አስቀመጥኩ። የቀረው አሮጌው ስም ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የተክሉ ሥራ ለትዝታ የተሠራ አለመሆኑን ነው፤ ካርታ ነገ ለሚመጣው እንግዳ ነው ይል ነበር። «ዳቦ ቤቱ የነበረበት» የሚለውን አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩና አጠፋሁት።

ሻይ ጣድኩ። እስኪፈላ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።