ሰባቱን ሦስት ብዬ ያነበብኩት ወረቀት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ አፈሩን ያቅልልላትና ሳትሰማው ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሰው ማማቴን፣ በዓል መሻሬን፣ ከጎረቤቴ ጋር በድንበር መጣላቴን ስናዘዝ ኖሬያለሁ፤ እሳቸውም ስግደት እየሰጡ ሲፈቱኝ ኖረዋል። ይህን አንዱን ግን ዋጥኩት። አሁን ዓይኔ ሳይጠፋ፣ እጄም ጨርሶ ሳይከዳኝ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ካህን ላትሆን ትችላለህ። ግን ማንበብ ትችላለህ፤ የእኔን ኃጢአት ለመስማት የሚያስፈልገው እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜን ፋንታሁንን የገደልኩት ወረቀት አንብቤለት ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። አባታችን ከደጋ ወርዶ ኮኪት አጠገብ ያቀናትን መሬት እኔና ፋንታ አብረን እናርስ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላው ሲደርስ ዳስ ተጣለና ገባን። ለእኔ ቶሎ ገባኝ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ መስተዋት ባለው ክፈፍ አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲያ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የመጣውን ደብዳቤ የማነበው እኔ ሆንኩ። ልጇ ለውትድርና የሄደባት እናት ፖስታዋን በመቀነቷ ቋጥራ የምትመጣው ወደ እኔ ነበር። “ነጋ ካነበበው አለቀ” ይባል ነበር። ይህ ሲባል ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ፋንታ ግን ከዳሱ እየሾለከ ወንዝ ይወርድ ነበር። ስቆጣው፣ “አያ ነጋ፣ አንተ ካወቅህልኝ አይበቃኝም?” ይለኛል። ፊደል ያልለየው እኔን አምኖ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምቱን ሙሉ የመጨረሻው መንጋጋው አሠቃየው። ጨው ያዘበት፣ ቅርንፉድ ነከሰበት። ትሉ ይውጣልህ ተብሎም የእምቧይ ፍሬ በጋለ ድንጋይ ላይ እየተጨሰ፣ ተከናንቦ አፉን ከፍቶ ታጠነ። ምንም አልሆነለት። በመጨረሻ በጭነት መኪና ጎንደር ወጣ። ጥርሱ ሳይበቅል አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ኖሯል። ድዱን ቀደው፣ ጥርሱን ሰባብረው አወጡና በክር ሰፉት። ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ ሲመለስ የገባው በቀጥታ የእኔ ቤት ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣና ሰጠኝ። ሐኪሙ ለቤተሰብ ብሎ ሁሉንም በእጁ ጽፎለት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰሊጥ መናገር አለብኝ፤ ለማመካኘት ግን አይደለም። ማሽላ ይታገሣል፤ ሁለት ሳምንት ብታዘገየው ቆሞ ይጠብቅሃል። ሰሊጥ ግን ቀኑ ሲደርስ ፍሬው አፉን ይከፍታል። ከከፈተ ንፋስ ይበቃዋል፤ የዓመት ልፋትህ መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ ለጉንዳን ይሆናል። ሳይከፍት አጭዶ፣ አስሮ፣ ነዶውን አቁሞ ማድረቅ ነው። ያን ጊዜ ሰው መቅጠር በዝባዥ ያስብላል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርደውም ሠራተኛ የሚወሰደው ወደ መንግሥት እርሻ ነበር። ስለዚህ ማጭዱን የሚይዙት የፋንታና የእኔ እጆች ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሊጥ ቤቴን ቆርቆሮ ላለብስ ልቤ ቆርጦ ነበር። የሣር ቤት ሰልችቶኝ ነበር።

ፋንታ ከሱዳን በመጣችው የገመድ አልጋዬ ላይ ተጋደመ። ሚስቱ የሻረግ ራሱን ደግፋ ይዛዋለች። ወረቀቱን ገለጥኩት። ጽሕፈቱ የሐኪም ጽሕፈት አይመስልም ነበር፤ የሚነበብ፣ የጠራ ነው። “ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ” የሚለውን አነበብኩ። “ለብ ያለ፣ የማይታኘክ ምግብ” የሚለውንም አነበብኩ። ቀጥሎ “ሰባት ቀን ሙሉ ከሥራና ከፀሐይ ይራቅ” ይላል። ቀና ስል በበሩ በኩል ማሳው ይታየኛል። ከሥር ቢጫ ሆኗል።

“ሦስት ቀን ከሥራና ከፀሐይ ይራቅ” አልኩ።

ምላሴ እንኳ አልተያዘችም። አንድ ጊዜ ብትያዝ ምን ነበረበት?

ፋንታ በግማሽ አፉ፣ “ሐኪሙ ሰባት ያሉ መስሎኝ ነበር” አለ።

“ሦስት ነው የሚል” አልኩት።

“እንዲያ ከሆነማ ለሰሊጡ እደርሳለሁ!” አለና ሊስቅ ሲል አመመው። ጉንጩን ይዞ ሳቀ። ስለ ጨው ውኃ የሚለውን አነበብኩለትና የቀሩትን መስመሮች ሳላነብ ወረቀቱን አጠፍኩት። በሰባተኛው ቀን ክሩን ለማስፈታት ይምጣ ስለሚል፣ እሱን ካነበብኩ ሦስቱ ይፈርስብኛል። አየህ፣ ውሸቱን ስዋሽ አስቤበት ነው። ሳላውቅ ነው የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ሦስቱን ቀን ግን እንደ ንጉሥ ተኛ። የሻረግ ትራሱ ሥር ጆንያ አጥፋ ከፍ አደረገችለት። አጥሚቱን በእጇ ጀርባ እየለካች፣ ሲበርድ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ አፉን ቀስ ብሎ ያለቀልቃል። አንገቱን እንዳያጣብቀው የእኔን ጀላቢያ ለብሶ፣ ቀን ቀን ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ታወጣዋለች፤ ዝንቡን እሽ እያለች ታጫውተዋለች። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ደሙ ቆመ። እየዳነ ነበር። ይህን በደንብ ያዝልኝ፤ ወንድሜ እየዳነ ነበር! ዛሬም ሌላውን ሁሉ ችዬ እሱ ትዝ ሲለኝ ቤት ይጠበኛል፤ ተነሥቼ እወጣለሁ።

በአራተኛው ቀን ማጭድ አስያዝኩት። እኔ ነኝ በእጁ የሰጠሁት። በዚያ ሐሩር ጎንበስ ቀና እያለ አጨደ። አቧራው፣ የሰሊጡ ብናኝ አፉ ውስጥ ይገባል። ደጋግሞ ሲተፋ ምራቁ ቀይ ነበር፤ አየሁት። “አመመህ?” አልኩት። “ጠቅ ጠቅ ያደርገኛል እንጂ ደኅና ነኝ” አለኝ። ሐኪሙ ከሰጠው የቀሩትን እንክብሎች ደግሞ ተሽሎኛል ብሎ፣ ወደፊት ለሚታመም ይሁን ብሎ በጠርሙስ አስቀምጧቸው ነበር፤ በእኛ አገር መድኃኒት ተርፎ አይጣልም። ወረቀቱ ቢሻለውም ይጨርስ እንደሚል አውቃለሁ። ግን እሱን ልንገር ብል ወረቀቱ እንደገና ሊከፈት ነው። ጠርሙሱን አልፌ ማጭዴን አነሣሁ። በሁለት ቀን የሰሊጡን እኩሌታ አነሣን።

በስድስተኛው ቀን ሲነጋ አልተነሣም። ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ “ወባ ናት” አለ። በመተማ ቆላ፣ በአጨዳ ወቅት ሰው ሲያተኩሰው ሌላ ምን ይባላል? ያልያዘችው ማን አለ? ክሎሮኪን መጣለት፣ በግድ ዋጠው። እኔም “ወባ ናት” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከሁሉም ይልቅ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።

የሻረግ ግን ጉንጩን ዳሰሰች። ከጆሮው ሥር እስከ ጉሮሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ወደ እኔ መጣች።

“አያ ነጋ፣ ያቺ ወረቀት ስለ ትኩሳት ምንም አትል? እስቲ በሞቴ አንድ ጊዜ ይዩልኝ።”

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ዘረጋሁት። የመጨረሻው መስመር ትኩሳት ቢይዘው፣ አንገቱ ቢያብጥ፣ በዚያው ቀን አምጡት ይላል። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ፤ የማነብ እንድመስል ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

“የለም፣ ስለ ትኩሳት የሚል የለም” አልኳት።

የፊተኛው ለሰሊጥ ነበር። ስግብግብነት ነው፣ ሰው ይሰገበገባል፤ ምናልባት አንድ ቀን እግዚአብሔር አይቶ ያልፈው ይሆናል። ይኼኛውስ ለምን ነበር? የታጨደው ታጭዷል። መኪና መንገድ ላይ ነበር፤ በዚያን ቀን ብናሳፍረው ይደርስ ነበር። እኔ ግን “ነጋ ዋሽቶ አነበበ” እንዳይባል ብዬ፣ ለስሜ ብዬ፣ ለዚያች ክፈፍ ብዬ የወንድሜን ነፍስ ያዝኩበት። እሷ ደግሞ ምን አለችኝ? “እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ። አንብቤላታለሁና አመሰገነችኝ! ምድር ያን ጊዜ ለምን አልዋጠችኝም?

በሰባተኛው ቀን መዋጥ አቃተው። ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፣ አፉ አይከፈትም። ያን ጊዜ “ወደ ጎንደር እንውሰደው” ያልኩ እኔ ነበርኩ፤ ሰውም “ወንድም ማለት እንዲህ ነው” አለ። ከኮኪት በጭነት መኪና፣ የሰው ሰሊጥ በተጫነበት ጆንያ ላይ አጋደምነው። ገንዳ ውሃን አለፍን። ትንፋሹ ፉጨት ሆነ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። መናገር አይችልም፤ ጣቱን አነሣና ወደ ደረት ኪሴ፣ ወደ ወረቀቱ አመለከተ። ለሐኪሙ አሳየው ማለቱ ነበር? ወይስ ገብቶት ነበር? ይኸው እስከ ዛሬ ስጠይቅ እኖራለሁ። አይከል ዳገት ላይ፣ ራሱ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ፉጨቱ ቆመ።

ከቀብር መልስ የሻረግ ወረቀቷን ጠየቀችኝ፤ የእጁ ወዝ ስላለባት ላስቀምጣት ብላ። “መኪናው ላይ ጠፋች” አልኳት። አልጠፋችም። የምስክር ወረቀቴን ክፈፍ ፈትቼ ከጀርባው ሸጎጥኳት፤ መልሼም ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ለምን እንዳላቃጠልኳት አላውቅም። ክብሪት አንሥቼ አውቃለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቤቴንም በዓመቱ ቆርቆሮ አለበስኩት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራው ላይ ሰሊጥ የሚዘረገፍ ይመስለኛል።

በኋላ የማታ ትምህርት ሲከፈት የሻረግ ገባች። “እንግዲህ ለደብዳቤ ሰው አላስቸግርም” ብላ ነው። አንድ ቀን ለበዓል ዳቦ ይዛልኝ መጣች፤ ከክፈፉ ፊት ቆመች። ጣቷን መስተዋቱ ላይ አድርጋ፣ እየተንተባተበች፣ ፊደል በፊደል አነበበች። ከዚያ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ዞረች።

“አያ ነጋ፣ ስምዎትን አነበብኩት!”

በጣቷና ባሏ በሞተበት ወረቀት መካከል የነበረው አንድ መስተዋትና አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። “ጎበዝ” አልኳትና ዳቦውን ቆረስኩ። ከፋንታ የወለደቻት ልጅ እኔን አባባ እያለች አደገች። የሻረግ ሌላ አላገባችም፤ ስታማርር እንኳ የምታማርረው በወባ ነው።

ደርግ ሄደ፣ ስንቱ ሄደ፣ እኔ አለሁ። ይቅር በሉኝ ልል ብዕር አንሥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ማን ነው ይቅር የሚለኝ? አንተ አልበደልኩህም። እሱ አፈር ውስጥ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር አልልም፤ ያ ወረቀት በየትኛውም መንግሥት ሰባት ነው የሚለው። ዛሬ ጧት ክፈፉን አወረድኩና ፈታሁት። አሁን ያን ወረቀት ወደ የሻረግ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። እኔ አላነብላትም፤ ራሷ ታንብበው። በመጨረሻ ልታደርገኝ የምትፈልገውን ታድርገኝ። ከመሄዴ በፊት ግን፣ ያኔ ማንበብ የነበረብኝን፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው አነብባለሁ።

“ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ። ለብ ያለ፣ የማይታኘክ ምግብ ይሰጠው። ሰባት ቀን ሙሉ ከሥራና ከፀሐይ ይራቅ፤ አያጎንብስ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ አፉን ቀስ ብሎ ያለቅልቅ። መድኃኒቱን ቢሻለውም ይጨርስ። በሰባተኛው ቀን ክሩን ለማስፈታት ይምጣ። ትኩሳት ቢይዘው፣ አንገቱ ቢያብጥ ወይም መዋጥ ቢያቅተው፣ ወባ ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን አምጡት፣ ይድናል።”