የጋራዡ ግድግዳ

ጋራዥ ልሥራ ብዬ የተነሳሁት ገንዘብ ተርፎኝ አይደለም። ደብረ ብርሃን በሰው ጋራዥ መካኒክ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እናቴ ስትሞት አባቴ ገጠር ብቻቸውን ቀሩ፤ ዓይናቸውንም ሞራ እየሸፈነው ነበር። እኔ ዘንድ ይምጡ ብላቸው፣ "እናትህን ለማን ጥዬ?" አሉኝ፤ መቃብሯን ማለታቸው ነው። እሳቸው ካልመጡ እኔ ልሂድ አልኩ። ቤታችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ዳር ናት። የጭነት መኪናውም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም በደጃችን ያልፋል። ከቤቱ ጎን አንድ ጋራዥ ባቆም እኔም ሥራ አላጣ፣ አባቴም ሰው አያጡም።

ሁሉንም እጃችን ላይ ካለው ነገር ለመሥራት ነው ያሰብኩት። ድንጋዩ ከገዛ ማሳችን፣ ባህር ዛፉ ከጓሮ፣ ቆርቆሮው ከፈረሰው የበግ ቤት። በሩን ከአሮጌ መኪና ካሶኔ ላይ በፈታሁት ላሜራ ራሴ በየድኩት። ሲሚንቶ የማይታሰብ ስለሆነ ግንቡ በጭቃ ይሆናል። ግንበኛ ብቻ ነበር የጎደለኝ።

"ግንበኛ ፍለጋ የት ትሄዳለህ?" አሉ አባቴ። "እኔ ሞቻለሁ?"

አባቴ ግንበኛ ናቸው። የአገሩ ግማሽ ቤት፣ የደብሩም ቅጥር ሳይቀር በእጃቸው ያለፈ ነው። ግን መዶሻ ካስቀመጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸውም እንዳልኳችሁ ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የግንበኛ ዋጋ ስለቀረልኝ ደስ አለኝ።

ሲሠሩ አጠገባቸው ሆኜ ጭቃ አቀብላለሁ። ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው እያገላበጡ ይዳስሱታል፤ ፊቱን ሲያገኙት "ይኸው" ይላሉ፣ ከዚያ ይጠርቡታል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ክፍተት በሽርፍራፊ ጠጠር እየጠቀጠቁ ይደፍኑታል። ጭቃው ከውጭ ከታየ አባቴ ግንብ አይሉትም። የታችኛው ሦስት ረድፍ እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረበትም።

ከወገብ በላይ ሲደርስ ግን ግድግዳው ሆድ ማውጣት ጀመረ። አንድ ቀን እሳቸው ቤት ሲገቡ ሲባጎ ላይ ብሎን አስሬ ከላይ ለቀቅኩት። ግንቡ አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ከሥሩ መኪና ስር ተኝቶ የሚሠራ ሰው ነው የሚኖረው፣ እሱም እኔ ነኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ስወጣ፣ የበግ ፀጉር ባናቸውን ደርበው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። "እናትህ ከሞተች ወዲህ እንጀራ የጣመኝ ገና ዛሬ ነው" አሉኝ። ሲባጎውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱም ሳልናገር ቀረሁ። በሌላ በሌላው ግን ስቆጣ ነው የምውለው፤ ጠጠሩ ተበተነ፣ ሥራው ዘገየ እያልኩ። የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል።

ክረምቱ እየተቃረበ ሳለ ራቤል ትኖር የነበረችው ሟች እህታቸው ተዝካር ደረሰ። በመኪና አሳፍሬ ላክኋቸው፤ ሦስት ቀን ይቆያሉ። መኪናው ከዓይኔ ሳይጠፋ ሞላሌ ወርጄ ግንበኛ ይዤ መጣሁ።

ግንበኛው ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ አየውና "ላዩን ላፍርሰው፤ ታችኛውን ግን አልነካም፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራም" አለኝ። ያኔ እሺ ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ችኩል ነኝ። ታቹ ሌላ ላዩ ሌላ የሆነ ግድግዳ ደንበኛ ፊት ያሳፍራል አልኩ። ሁሉንም አፍርሰው አልኩት። አፈረሰው። በሦስት ቀን ቀጥ ያለ ግድግዳ አቆመልኝ፤ ክፍተቱን ሁሉ በጭቃ ለስኖ። ትልልቆቹን የአባቴን ጥርብ ድንጋዮች መልሶ ማጋጠም ጊዜ ስለሚፈጅበት ደጅ ከምሯቸው ሄደ።

አባቴ ከሰዓት ላይ ደረሱ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ግድግዳቸው ሄዱ። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቀስ እያሉ ወደ ታች ወረዱ፣ በመጨረሻ ተንበርክከው መሠረቱ ድረስ ዳሰሱት። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

"ሰውዬውን ምሳ አብልተኸዋል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"ደግ አደረግህ" አሉና እጃቸውን አራግፈው ቤት ገቡ።

ጣራውን ለማልበስ ጎረቤት በደቦ መጣ። እሳቸውን ያየ ሁሉ እጅዎን ይባርክ እያለ ሳማቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው አንድ ሽማግሌ ግን ግድግዳውን ጠጋ ብለው አዩና፣ "ምነው አንተ፣ ጭቃው በዛሳ? ይህ ያንተ ሥራ ነው?" አሏቸው። እኔ ቆርቆሮ ይዤ መሰላል ላይ ነበርኩ። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ ደነገጥኩ።

"የኔ ነው" አሉ አባቴ። "ዓይኔ ደከመ፤ ከዚህ የተሻለ አልሆነልኝም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥራቸው ታምተው የማያውቁ ሰው የሌላውን ጭቃ በስማቸው ወሰዱት፤ እኔ እንዳላፍር። ወርጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ሚስማር መታሁ።

ሐምሌ ሲገባ ታመው ተኙ። ሰው ብርድ ነው ይላል። በዚያው ሰሞን የጋራዡ መግቢያ ጭቃ ሆኖ የመጀመሪያው ደንበኛዬ መኪና ተቀረቀረ። ደጅ የተከመሩትን የአባቴን ጥርብ ድንጋዮች አንከባልዬ መግቢያው ላይ ደለደልኳቸው። አባቴ አላዩም፤ ከአልጋ አልተነሱም። ፍልሰታ ሳትፈታ አረፉ።

ቤቷ ጠባብ ናት፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ስለዚህ ለጥገና የገባውን መኪና ገፍተን አውጥተን ለቅሶውን ጋራዡ ውስጥ ተቀመጥን። ያ ሽማግሌም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ "በዚያ ዓይኑ ይህን ሠርቶልህ ሄደ። እጁ እዚህ ቀረልህ፤ ተጽናና" አሉኝ።

"አዎ፣ ቀረልኝ" አልኩ።

ቀና ብዬ በበሩ ሳይ ከመሐል ሜዳ የመጡ ለቅሶኞች እየገቡ ነበር። ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው ጥርቡን ድንጋይ እየመረጡ፣ አንዱን ረግጠው ወደሌላው ይሻገራሉ። ያን ጊዜ ነው እሪ ብዬ የጮህኩት። ሰው ሁሉ አባቱ ትዝ ብሎት ነው ብሎ አብሮኝ አለቀሰ።