ውሃው ወደ ቀኝ ሄደ

ስሙን አልጠራም። ስለረሳሁት አይደለም፤ ሥራው እንጂ ስሙ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው። እሱ አሠልጣኝ፣ እኔ የስፖርት መምህርት፤ ዲፕሎማችንን የያዝነው በአንድ ዓመት ነው። አምቦ ላይ በአንድ ሜዳ ሃያ ስድስት ዓመት ስንሠራ ግን ፊሽካው እሱ አንገት ላይ፣ የውሃው ጀሪካን እኔ እጅ ላይ ነበር። አልፎ አልፎ የሩጫ ሰዓት ያስይዘኛል። ውጤቱ ካላማረው «ጣትሽ ዘግይቷል» ይለኛል፣ ልጆቹ ፊት።

ኮሮና ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሜዳው ደርቆ አቧራው መነሳት ሲጀምር፣ ለሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሃያ ልጆች ተጠሩ። ከጊንጪም፣ ከባኮም፣ ከሸነንም መጡ። ሁለቱ ይመለሳሉ ተባለ። ለመለየት እንዲረዳ አንዲት ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆሙ መብራቶች ይዛ መጣች። ልጅ በመሐላቸው ስታልፍ ሰዓቱ በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይቆማል። ጣት የለበትም።

ፈተናው ቀላል ነው። ዐሥር ሜትር በቀጥታ መሮጥ፤ መታጠፊያው ላይ የቆመው ኮን ጋ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፎ አምስት ሜትር መውጣት። ከዚያ የግራውንና የቀኙን ሰዓት ልዩነት ማየት፤ የበዛባት ትመለሳለች።

እኔ ቶሎ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን አፌን ይዤ ቆምኩ። ዓይኔ አንድ ነው ያለው መታጠፍ በሰዓቱ ትንሽ መስኮት ላይ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ የማይቆይ ልዩነት! ሰው ግራና ቀኙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ልጅ ሳስተምር አላየሁትም።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጆች በግራ ዘገዩ።

«የእኛ ልጆች ግራቸው ሰነፍ ነው፤ ድሮም ብያለሁ» አለ አሠልጣኙ።

ልዩነቷ ከሁሉም የበዛው አንዲት ቀጭን የሸነን ልጅ ናት። ያልተለያየባት ደግሞ የገዛ እህቱ ልጅ። «ሚዛን ማለት ይቺ ናት!» ብሎ አጨበጨበላት። ወደ ሸነኗ ዞሮ «ግራሽ ሞቷል፤ አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ ቦርሳሽን ያዢ» አላት።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጠዋት ውሃ ሳቀብላት «ቲቸር፣ ዛሬ ከተመለስኩ አባቴ ሁለተኛ አይለቀኝም» ብላኝ ነበር።

ስትሮጥ አይቻታለሁ። ሌሎቹ ኮኑን እንደ መኪና ሰፋ አድርገው ነው የሚዞሩት። እሷ እንደ በር ነው የምትዞረው፤ ባለችበት፣ በአንድ ጊዜ። እንዲህ የምትታጠፍ ልጅ ግራዋ እንዴት ይሞታል? ዓይኔ ኮኑ ላይ ቀረ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከዚያ በስተቀኝ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጥግ በመጥረጊያ የማደርቀው እኔ ነኝ። ሌላ የሚያደርቅ የለም።

«ሜዳው ተዳፋት ነው» አልኩ። «ወደ ግራ ሲታጠፉ ሽቅብ ነው የሚወጡት።»

«ዲሲ!» አለኝ በኦሮምኛ። «ተዪው! አንቺ ውሃሽን ያዢ።» ልጆቹ ሳቁ።

ያዝኩት። ጀሪካኑን ኮኑ ጋ ወስጄ ክዳኑን ከፈትኩና ደፋሁት። ውሃው ለአፍታ ባለበት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አቧራውን እየጠቀለለ ወደ ቀኝ ሄደ። ሳቁ ቆመ። ውሃው ጥጉ እስኪደርስ ሁላችንም በዓይናችን ሸኘነው።

የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት ፊቷ ቀላ። «አዴ» ብላ በአክብሮት ጠራችኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ እናስሩጣቸው፤ ያኔ ግራው ቁልቁል ይሆናል» አለች። አሠልጣኙ የእጅ ሰዓቱን አየ።

መብራቶቹ ተዞሩ። አሁን በቀኝ መዘግየት ጀመሩ፤ ሰነፍ የተባለው ግራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎበዝ ሆነ። የእህቱ ልጅ ቀኟ ከሁሉም ወደ ኋላ ቀረ። ለካ ግራዋ ብርቱ ስለሆነ ነው ሽቅቡን ችሎ የቀኟን ድክመት የደበቀላት።

የሸነኗ ልጅ በባዶ እግሯ ሮጠች። በመጀመሪያው በግራ የዘገየችውን ያህል አሁን በቀኝ ዘገየች፤ የሁለቱ ዙር ሲደመር ግራና ቀኟ እኩል። መምህርቷ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አየችው። «ሌሎቹ ሰፋ አድርገው ስለሚዞሩ ዳገቱ በከፊል ነው የሚነካቸው። እሷ በቀጥታ ነው የምትገባበት» አለች ቀስ ብላ። አንዲት ልጅ የምድሩን ማዘንበል በእግሯ እንዲህ አድርጋ ትለካዋለች። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

«እኔም ሜዳውን ስጠረጥረው ነበር» አለ አሠልጣኙ። በኋላ ሪፖርቱ ላይም እንዲሁ ጻፈ። ይኸው እኔም ጻፍኩ።

ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። «እግሬ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው። ጫማሽን ከቦርሳሽ አውጪ።»

አወጣች። ማሰሪያውን እያሰረች ቀና ብላ «ቲቸር፣ ውሃ አለ? ጠማኝ» አለችኝ።

ጠብታ አልተረፈም። ሁሉንም ኮኑ ጋ ደፍቼዋለሁ። ሳቅሁና ባዶውን ጀሪካን አነሳሁ፤ ያን ቀን ማንም ሳያዘኝ።

«ቁጭ በዪ፣ እግርሽን አሳርፊ» አልኳት። «ቶሌ፣ እሺ» አለች፤ ግን ጀሪካኑን ከእጄ ቀምታኝ ወደ ቧንቧው ሮጠች።